የጥያቄ ምልክት ሆነው የቀሩ ተረቶች

ይህ ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቤት ያላችሁ ቡና አፍሉ፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያላችሁ ደግሞ ተራችሁ እስኪደርስ ይበቃችኋል። መጨረሻው ላይ የማስቸግራችሁ ጉዳይ ስላለኝ አቋርጣችሁ እንዳትሄዱ።

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «ጋሼ፣ የተረትና ምሳሌው ጦማር ምን ነካው?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አንዳንዶቻችሁማ «ዘጉብዎት እንዴ?» ብላችሁ ሰግታችሁልኛል። ማንም አልዘጋብኝም። ጉዱን የሠራሁት እኔው ነኝ፤ ያውም በገዛ ጣቴ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው ኮምፒውተር የሚባል ነገር በእጄ ሳልነካ ነው። በ1989 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አማርኛ ሳስተምር ለዘጠነኛ ክፍሎች አንድ የቤት ሥራ ሰጠሁ። «ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤታችሁ፣ ከአያት፣ ከአክስት፣ ከጎረቤት አምስት አምስት ተረትና ምሳሌ ይዛችሁ ኑ። ከማን እንደሰማችሁት፣ ያ ሰው ደግሞ ምን ሲገጥመው እንደሚለው ጨምራችሁ ጻፉ» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ያን ቅዳሜና እሁድ የማርመው ወረቀት እንዲቀንስልኝ ነበር ቀላል ሥራ የሰጠሁት። ሰኞ ጠዋት የመጣልኝን ሳነብ ግን ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። መጽሐፍ ላይ የማውቃቸው ተረቶች በሌላ አካል፣ በሌላ ጠባይ መጡ። ከአንኮበር የመጣው ልጅ አንድ ዓይነት ይላል፤ ከደብረ ሲና የመጣችው ያንኑ ገልብጣ ትለዋለች። ከሁሉም የጣመኝ ያ «ምን ሲገጥመው» የሚለው ክፍል ነበር። «አክስቴ ይህን የምትለው ባሏ አምሽቶ ሲመጣ ብቻ ነው» ብሎ የጻፈ ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይህን የቤት ሥራ ሳልሰጥ የቀረሁበት ጊዜ የለም። ጥሩ ጥሩውን እየመረጥኩ፣ ቁጥር እየሰጠሁ፣ በትልቅ ደብተር መገልበጥ ጀመርኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ 1,460 ደርሶ ነበር። የማንም ሥራ አይደለም፣ ደመወዝም የለውም፤ ሌላው ሰው ካርታ እንደሚጫወተው የእኔ መዝናኛ ይህ ነበር።

እንግዲህ ኮምፒውተር መጣ። በ1994 ዓ.ም. ገደማ ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት በነበረው ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት እየሄድኩ ደብተሩን ማስተየብ ያዝኩ። የዚያን ጊዜውን አማርኛ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ኮምፒውተሩ አማርኛ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። እሱ የሚያውቀው አንድ የፊደል ቅርጽ ቢበዛ 256 ቦታ እንዳለው ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ እነ ቋን እና ሟን፣ ቁጥሩንና ነጥቡን ስትጨምሩበት ቤቱ ይጠባል። ስለዚህ የየፕሮግራሙ ሠሪዎች ፊደሎቻችንን በላቲኖቹ ቦታ ላይ እያስቀመጡ፣ አንዳንዴም ለሁለት ለሦስት ፋይል እየከፋፈሉ አኖሯቸው። ክፋቱ፣ ሁሉም በየፊናው እንደመሰለው ነበር ያስቀመጠው። አንዱ ቤት «በ» የሆነችው ሌላው ቤት ስትሄድ «ኘ» ትሆናለች። የወር ፈተና አንዱ ጋ ተይቦ ሌላው ጋ ሊባዛ ሲሄድ የሰይጣን ክታብ መስሎ የወጣበትን ቀን የምታስታውሱ አላችሁ? ያን ቀን ፈተናውን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጽፌ ነው የፈተንኳችሁ።

በፈረንጆቹ 1999 ግን ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ሦስተኛ እትሙን ሲያወጣ የግዕዝን ፊደልም አስገባ። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ እያንዳንዷ ፊደላችን በዓለም ላይ ማንም የማይቀማት የራሷ ቁጥር አገኘች። «ሀ» 4608 ናት። አዲስ አበባም ሆነ ቶኪዮ ያው 4608 ናት። የእኛ ሰፈር ኮምፒውተሮች ይህን እስኪሰሙ ግን ዓመታት ፈጀ። በ1999 ዓ.ም. ጥር ላይ ቪስታ የተባለው ዊንዶውስ ኒያላ የሚባል የግዕዝ ቅርጽ ይዞ ሲመጣ ነው እኔ «አሃ፣ ለካ እኛም ቤት አለን!» ያልኩት። ሁለቱ 1999ኞች ስምንት ዓመት ገደማ እንደሚራራቁ ልብ በሉልኝ፤ አንዱ የፈረንጅ ነው።

በ2001 ዓ.ም. ጦማሩን ከፈትኩ። ከድሮዎቹ 7 ፍሎፒዎች 2ቱ አልነበብ አሉ፤ የቀሩት ቢነበቡም ያ የክታብ አማርኛ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ከደብተሩ እያየሁ በአንድ ጣት እንደገና መተየብ ጀመርኩ። የ2000 ዓ.ም.ንና ከዚያ ወዲህ የመጡትን ደግሞ በደብተር ሳላልፍ ቀጥታ ከልጆቹ ወረቀት ላይ እያየሁ አስገባኋቸው፤ ወረቀቱንም ለባለቤቶቹ መለስኩ። ዘመናዊ መሆኔ ነበር። በደብተሬ ላይ የቀረው ማውጫው ብቻ ነው፤ ቁጥር፣ የተማሪው ስም፣ ከማን እንደተሰማ፣ የት ቀበሌ። ተረቱ የለም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

አንድ ሰው ለደስታው ብሎ ጦማር ሲከፍት የሚጽፍ ይመስለዋል። ውሸት ነው። ጽሕፈቱ ከአሥር አንዱ ነው፤ የቀረው ዘበኝነት ነው። መብራት ይሄዳል። ኢንተርኔት ይጠፋል፤ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ እንደሆነው ለሳምንታትም ሊጠፋ ይችላል። አስተያየት መስጫውን ስትከፍት ከተማሪህ በፊት የሚመጣው የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት ሻጭ ነው። ለአንድ የደብረ ሲና ተረት ከማላውቀው ዓለም 43 የማስታወቂያ መልእክት መጥቶልኝ ያውቃል። «ከነገሩ ጦም እደሩ» የተባለው ለጦማር ነው እንዴ እስክል ድረስ።

ይሄ ሁሉ ግን ከመፈለጊያው ችግር ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ጦማሩ ላይ ቃል አስገብታችሁ የምትፈልጉበት ሳጥን አለ። አንድ ቀን አንድ የድሮ ተማሪዬ ደውሎ «ጋሼ፣ የእኔን ተረት አጥፍተውታል?» አለኝ። «ፀሐይ» የምትል ቃል ያለባት ተረት ነበረች። እኔ ስፈልጋት አለች፤ እሱ ሲፈልጋት የለችም። ግማሽ ሰዓት በስልክ ተከራክረን ነገሩ ሲገለጥ፣ እኔ በፀሐዩ «ፀ» እና በሐመሩ «ሐ» ጽፌያታለሁ፤ እሱ በጸሎቱ «ጸ» እና በሃሌታው «ሀ» ነው የሚፈልጋት። ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን «ሀ» 4608፣ «ሐ» 4624፣ «ኀ» 4736 ናቸው፤ አይተዋወቁም። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ሁለቱን «ጸ» ከስድስቱ «ሀ» ጋር፣ ማለትም ከነ ሃ፣ ሓ እና ኃ ጋር ስታባዙት፣ ፀሐይ በ12 ዓይነት ልትጻፍ ትችላለች። አሥራ ሁለቱም ለሰው አንዲት ፀሐይ ናቸው፤ ለማሽኑ አሥራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች።

ሠላሳ ምናምን ዓመት በቀይ እስክርቢቶ ተማሪ ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ «ትክክለኛውን አጻጻፍ ባለማወቁ ነዋ!» ብዬ ነበር መጀመሪያ። ማታ ስተኛ ግን ቆጨኝ። ያ ልጅ አያቱን ሲፈልግ ያጣት በፊደል ስህተት ነው። አያቱ ደግሞ ፊደል አልቆጠሩም። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ፊደል ላደርገው፣ «ፀ»ን ሁሉ «ጸ» ላደርግ ወሰንኩ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ጥፋቱ የመጣው ከዚሁ ጥሩ ሐሳብ ነው።

በመሃል ሌላ ነገር ተከሰተ። ጦማሩ የራሱ ስም፣ የራሱ አድራሻ ነበረው። ኪራዩ በዓመት 12 ዶላር ነው። ብዙ አይደለም ትላላችሁ፤ ችግሩ መክፈያው ነው። የእኔ የባንክ ካርድ እዚሁ ካለው የገንዘብ ማውጫ ማሽን ውጭ አገር አያውቅም። ስለዚህ አሜሪካ ያለ የድሮ ተማሪዬ በራሱ ካርድ ለስድስት ዓመት ከፈለልኝ፤ አንድም ቀን ብሩን ተቀብሎኝ አያውቅም። ባለፈው ዓመት የእሱ ካርድ ጊዜው አልፎ ተቀየረ። «ክፈሉ» የሚለው ማስታወሻ የሚመጣው ደግሞ በድሮ ኢሜይሌ ነው። የድሮ ኢሜይሌን የይለፍ ቃል ረስቼዋለሁ። የይለፍ ቃሉን ለመቀየር ኮድ የሚላከው በድሮ ስልኬ ነው። የድሮ ስልኬ መርካቶ አውቶቡስ ላይ ተሰርቋል። እንግዲህ የሰንሰለቱን ነገር እዩት! አንዱን ለመክፈት ሌላው፣ ሌላውን ለመክፈት ሌባው ያስፈልጋል።

ስሙ ጊዜው ሲያልፍ ወዲያው አይሸጥም። መጀመሪያ የመታገሻ ጊዜ አለው፤ ከዚያ በቅጣት ዋጋ የሚቤዥበት 30 ቀን አለ። ሁለቱም አለፉኝ። እኔ የሰማሁት ከዕድር ጸሐፊያችን ነው። «የእርስዎ ተረትና ምሳሌ ቁማር ማጫወት ጀመረ እንዴ?» አሉኝ። ከፍቼ ሳየው አድራሻዬን ሌላ ሰው ገዝቶት፣ እነዚያ የአያቶቻችሁ ቃል በነበረበት ላይ ኳስ የሚያስይዝ ማስታወቂያ ይንቦገቦጋል። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ጽሑፎቹ ግን አልጠፉም ነበር፤ የሄደው ስሙ ነው። የተቀመጡበት ቦታ ስለነበር አውርጄ፣ በአዲስ ስም፣ በአዲስ ቤት ልተክላቸው ተነሳሁ። ደብረ ብርሃን ያስተማርኩትና አሁን ኮምፒውተር ጥገና የሚሠራ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ምንም አይንኩ» አለኝ። ሰኞ ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ምንም የማይነካ ጡረተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ማክሰኞ ማታ «ቢያንስ ያቺን የ“ፀ” ነገር ላስተካክል» አልኩ። ከ2000 እስከ 2002 ዓ.ም. ያሉት ተረቶች በአንድ ፋይል ነበሩ፤ 312 ናቸው። በአንዲት ትንሽ የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ከፈትኩት። «ፀ»ን ፈልግ፣ በ«ጸ» ተካ፣ ሁሉንም። በአንድ ጊዜ ጨረሰልኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ «አስቀምጥ» አልኩት። አንዲት ሳጥን ብቅ አለች፤ በእንግሊዝኛ ሁለት ሦስት መስመር ተጽፎባታል። ሳላነብ «ኦኬ» አልኩ። ዘጋሁ። ያንኑ ፋይል ፍላሽ ላይ በነበረው ቅጂ ላይ ደርቤ ገለበጥኩት፣ መጠባበቂያዬ መሆኑ ነው። ከድሮው ቦታም «ኮተት አልተው» ብዬ አጠፋሁት።

ልጁ ቅዳሜ መጣና ሁሉንም ጫነው። መጀመሪያ የመጣው ማየት የሚያስፈራ ነበር። ገጹ ሁሉ በራሷ ላይ ጭረት በተጫነባት ትንሽ የላቲን «ኤ» ተሞልቷል፤ ከእሷ ኋላ ሌላ ሌላ ምልክት ይከተላል፣ ደግሞ ጭረቷ «ኤ»፣ ደግሞ ምልክት። «አለቀልኝ!» ብዬ ራሴን ያዝኩ። ልጁ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ ምንም አይደለም። ፊደሎቹ ሙሉ ናቸው፤ የሌላ ሰው መነጽር አድርጎ እያነበባቸው ነው እንጂ። አንዲት የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይዛ ነው የምትጓዘው፤ እሱ ሦስቱን እንደ ሦስት የላቲን ፊደል ቆጠራቸው። ሁሉም የእኛ ፊደሎች የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ስለሆነ ነው ያቺ ጭረቷ “ኤ” የምትደጋገመው» አለኝ። አንዲት መስመር ቀየረ፤ ገጹን እንደገና ሲከፍተው የአያቶቹ ድምፅ ሁሉ ተመልሶ ተኮለኮለ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ከዚያ 2000 ዓ.ም.ን ከፈትነው። ልጁ መሳቁን አቆመ።

???? ?? ?????? ???

ከላይ እስከ ታች ይኸው ነው። ዓመተ ምሕረቱና ተራ ቁጥሩ ደህና ነው፤ ፊደል የሆነው ሁሉ የጥያቄ ምልክት። «ይሄኛውስ መነጽር ነው?» አልኩት። ቶሎ አልመለሰልኝም። «ጋሼ፣ ይሄኛው መነጽር አይደለም። ፋይሉን ሲያስቀምጡ አንዲት ሳጥን መጥታ ነበር?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። «ምን ትላለች?» ዝም አልኩ። ሳጥኗ የምትለው ለካ «በዚህ ፋይል ውስጥ እኔ የማላውቃቸው ፊደሎች አሉ፤ እንዲህ አድርገህ ካስቀመጥከው ይጠፋሉ» ነው። ፕሮግራሟ በድሮው፣ በጠባቡ ቤት አጻጻፍ ነበር የምታስቀምጠው፤ ቦታ ላጣችለት ፊደል ሁሉ አንድ የጥያቄ ምልክት ተክላ ፊደሉን ጣለችው። አስጠንቅቃኝ ነበር። እኔ ነኝ ያላነበብኩት።

«ጥያቄውን በደንብ ሳታነቡ አትመልሱ!» እያልኩ ስንቱን ልጅ አምስት ማርክ የቀነስኩበት ሰው ነኝ። አሁን እኔን 312 ጊዜ የጥያቄ ምልክት ያስቀጣኝ ያው ጥፋት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ቅዳሜ ሩቅ አልነበረም።

ልጁ ድሮ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አምጥቶ ሁለት ቀን ለፋበት። የለም። ፍላሹ ላይ እኔው ደርቤበታለሁ። የድሮው ቦታ እኔው አጥፍቼዋለሁ። ወረቀቶቹን በጊዜው ለልጆቹ መልሻለሁ። ለጥቂት ወራት ለማንም ሳልናገር ዝም አልኩ። አፈርኩ እንጂ ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ባለፈው የካቲት አንድ መልእክት ደረሰኝ። የ2000 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ናት፤ አሁን ኩዌት ነው የምትሠራው። «ቲቸር፣ ደህና ነዎት? አያቴ ዐረፉ። መሄድ አልቻልኩም። አርባቸው ሳይደርስ ያቺን ለእርስዎ የሰጠኋትን የእሳቸውን ተረት ቢልኩልኝ። ቃሉ ጠፋብኝ። ስለ ቡኮ መሆኗን ብቻ ነው የማስታውሰው፤ ክፍል ውስጥ ሳነባት ስቀውባት ነበር» ይላል።

ማውጫ ደብተሬን አወጣሁ። ቁጥር 617፣ ስሟ፣ «ከሴት አያቷ፣ ጫጫ»። ጦማሩን ከፈትኩ። ቁጥር 617፦

?? ???? ????? ?????

ምን ብዬ ልመልስላት? «ጊዜ የለኝም» ልበላት? «አላገኘሁትም» ልበላት? አንድ ሌሊት ሙሉ አሰብኩ። ጠዋት እንደሆነው አድርጌ እውነቱን በድምፅ ቀርጬ ላክሁላት። «ልጄ፣ አያትሽን እኔ ዘንድ አደራ አስቀምጠሽ ነበር፤ አደራሽን በላሁ» አልኳት። የጥያቄ ምልክቶቹንም ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ሌላ የምልከው ስለሌለኝ ነው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ደወለች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። «ቲቸር፣ እያንዳንዱ ምልክት አንድ ፊደል ነው?» አለችኝ። እኔ ወራት ሙሉ አፍጥጬ ያላየሁትን አየችው! እውነት ነው፤ ለአንድ ፊደል አንድ የጥያቄ ምልክት ነው የተተከለው፤ በቃላቱ መካከል ያለው ክፍተትም እንዳለ ነው። ተረቶቹን ያለ አራት ነጥብ መጻፌም ጠቀመ፤ አለበለዚያ ነጥቡም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ያሳስተን ነበር። ሥጋው ሄዶ አጥንቱ ቀርቷል ማለት ነው።

ያዝነው እንግዲህ። ቡኮ ካለ «ልጅ ያቦካው» መሆን አለበት፤ «ልጅ» ሁለት፣ «ያቦካው» አራት፣ ይገጥማል። የሚታወቀው ተረት «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ነው። «ለራት» ግን ሦስት ነው፤ እዚህ ያለው አምስት ነው። አልገጠመም። «ለእራት» ብንለውም አራት ነው። ያን ጊዜ እሷም «አይደለም፣ አያቴ እንደዚያ አይሉም ነበር፤ እኔን ለማመስገን ነው የሚሉት» አለች። «ለመንደር ይበቃል» አልኳት፤ «ለመንደር» አምስት ሆነ፣ «ይበቃል» ግን አራት። ወደቀ። እናቷ ጋ ጫጫ ደወለች። እናቷ መጀመሪያ «ለቤት ይበቃል» አሉ፤ ቆጠርነው፣ ሦስትና አራት፣ ወደቀ። «እማዬ፣ አይደለም፤ እስቲ አስቢ፣ ሊጡን ስገለብጥ ምን ይሉኝ ነበር?» አለቻቸው። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነው፤ እኔም እሰማለሁ። እናቷ ዝም አሉ፤ ከዚያ አንደበታቸው እየተያዘ፣

«ልጅ ያቦካው ለጎረቤት ይተርፋል»

አሉ። ለ፣ ጎ፣ ረ፣ ቤ፣ ት። አምስት። ይ፣ ተ፣ ር፣ ፋ፣ ል። አምስት። ሦስታችንም፣ አንዷ ኩዌት፣ አንዷ ጫጫ፣ እኔ አዲስ አበባ፣ በጣታችን እየቆጠርን አለቀስን።

አሁን አስታወስኩ። አያትየዋ የታወቀውን ተረት ሆን ብለው ገልብጠውት ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ መጀመሪያ ጊዜ ስታቦካ «አይበቃም» ማለት አልሆነላቸውም። እኔም ክፍል ውስጥ የሳቅሁት ለዚህ ነበር። ይህ ተረት በየትኛውም መጽሐፍ አይቼው አላውቅም፤ ጫጫ አንዲት ማዕድ ቤት ውስጥ ለአንዲት ልጅ ተብሎ የተሠራ ነው። እኔ ፕሮግራም ላይ ተቻኩዬ ያጠፋሁት እንዲህ ያለውን ነው። የታወቁትን ተረቶችማ ማን ያጠፋቸዋል?

ከየካቲት ወዲህ በዚሁ መንገድ 41 አውጥተናል። 271 ቀርተዋል።

ለዚህ ነው የጻፍኩላችሁ። ከ2000 እስከ 2002 ዓ.ም. ያስተማርኳችሁ፣ ያን የቤት ሥራ የሠራችሁ፣ በውስጥ መስመር ስማችሁንና የክፍላችሁን ዓመት ላኩልኝ። ማውጫው በእጄ ስላለ ቁጥራችሁን ፈልጌ የተረታችሁን አጥንት እልክላችኋለሁ። ከዚያ አያት ያላችሁ አያታችሁን፣ አያት የሌላችሁ እናታችሁን፣ እናት የሌላችሁ አክስት ጎረቤት ጠይቁልኝ። የድሮ ደብተር ያልጣላችሁ ካላችሁማ እግራችሁን እስማለሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ለምሳሌ ቁጥር 604፦

?? ???? ???? ???

ይህን ያወጣሁት ብቻዬን ነው፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነው። ቁጠሩት። የሚከተሉት ሁለቱ ግን አቅቶኛል፦

ቁጥር 655፣ ከወንድ አያቷ፣ ሰላ ድንጋይ፦ ??? ??? ???? ??? ????

ቁጥር 702፣ ከጎረቤት ሴት፣ ደብረ ሲና፦ ????? ???? ??????

ተማሪዬ ያልሆናችሁም መሞከር ትችላላችሁ፤ ግን ገምታችሁ ሳይሆን ከሰው ሰምታችሁ። የሚገጥም ቃል እየፈለጉ መሙላት ቀላል ነው፤ እኔ የምፈልገው የተባለውን ነው። «ከማን ሰማችሁት? ምን ሲገጥመው ይለዋል?» የሚለው የቤት ሥራ ዛሬም አልተቀየረም።

የሚወጣው ሁሉ በሦስት ቦታ ይቀመጣል፤ አዲሱ ጦማር ላይ፣ ያ ልጅ ራሱ በሚቆልፍብኝ ዲስክ ላይ (ቁልፉን እኔ ዘንድ አይተወውም፤ ልክ ነው)፣ እና በደብተር። አዎ፣ በደብተር፣ በእስክርቢቶ። ኮምፒውተሩን ጠልቼ አይደለም፤ እሱስ አስጠንቅቆኝ ነበር።

ለመፈለጊያው ደግሞ ልጁ መላ ፈጥሮለታል። አጻጻፋችሁን ሳይነካ፣ ሲፈልግ ብቻ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»ን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። ፀሐይን በ12ቱም ዓይነት ብትጽፏት ትመጣለች። ስለዚህ ከእንግዲህ ማንንም አላርምም።

ቁጥር 617 አርባቸው ከመድረሱ ከሦስት ቀን በፊት ደርሳለች። ልጅቷ ለእናቷ ልካላቸው፣ እናቷ ለጎረቤቶቹ እንጀራ ሲያቀርቡ ብለዋታል አሉ።

መልእክታችሁን እጠብቃለሁ። ደህና ሁኑልኝ።